መልስ፦ ዘንዶ ዋላቢን የሚውጠው አጥንቱን ሰባብሮ ነው?

አይደለም። በሰሜን ኩዊንስላንድ የሚገኘው የአውስትራሊያ ትልቁ ዘንዶ 5 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ መርዝ ግን የለውም። ዋላቢ (የካንጋሮ ትንሽ ዘመድ) የሚመላለስበት መንገድ ዳር ያደፍጣል። ከንፈሩ ላይ ያሉት ጉድጓዶች የሰውነት ሙቀት ስለሚለዩ ጨለማ አያግደውም። ነክሶ ይይዝና ይጠመጠምበታል፤ ጭምቂያው የደም ዝውውሩን ያቆመዋል። ከዚያ እግሮቹ ወደ ኋላ እንዲታጠፉለት ከጭንቅላቱ ጀምሮ ይውጠዋል። መንጋጋው ይወልቃል የሚሉትም ተረት ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንቶች ከፊት በኩል የተያያዙት በሚለጠጥ ጅማት ስለሆነ ግራና ቀኙን እያፈራረቀ ያስገባዋል። ሆዱ ሞልቶ ሳለ ከነካኩት ለማምለጥ ሲል ሊተፋው ስለሚችል ካሜራ ይዘህ አትጠጋው። ዘንዶ አዞም ይውጣል የሚባለው ግን እውነት ነው፦ በ2014 በኩዊንስላንድ ማውንት አይሳ ከተማ አጠገብ፣ ሙንዳራ ሐይቅ ላይ፣ ሌላ የዘንዶ ዝርያ (የወይራ ዘንዶ የሚሉት) ከአንድ የንጹህ ውሃ አዞ ጋር ለሰዓታት ታግሎ ውጦታል።