መልስ፦ የድሮው የእንግሊዝ ጭነት መኪና ፎቶ የስንት ዓመት ነው?

የምትንከባከቢያቸው የቀድሞ ሹፌር አዛውንት ከቀይ ጭነት መኪና ጋር የተነሱት ፎቶ የስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቀሻል። የመኪናው ታርጋ በ«ዲ» (D) ካለቀ፣ መኪናው የተመዘገበው በ1966 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ፊደሉ በ1963 ከ«ኤ» (A) ጀምሮ በየዓመቱ ይቀየር ነበር። በ1967 ግን ሁለት ፊደል ወጣ፦ እስከ ጁላይ «ኢ» (E)፣ ከኦገስት ጀምሮ «ኤፍ» (F)።

በሩ ላይ ያነበብሽው «ብሪቲሽ ሮድ ሰርቪስስ» የመንግሥት የጭነት ድርጅት ነበር። የ1947ቱ የትራንስፖርት ሕግ ብዙ የግል አጓጓዦችን ወደ መንግሥት ካዞረ በኋላ የመጣ ነው። ቀዩ ቀለምም የእሱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ታርጋው የመኪናውን ዕድሜ እንጂ ፎቶው የተነሳበትን ጊዜ አይነግርሽም። እኔ የጎረቤቴን ፎቶ ጀርባ ላይ በታርጋው ብቻ ዓመት ጻፍኩበት። በኋላ ሳሳያቸው ግን መኪናውን የተረከቡት ከተመዘገበ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደነበር ነገሩኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ የእስክሪብቶ ቀለም አይለቅም።

ስለዚህ ዓመት አትጠይቂያቸው። ከየትኛው ዴፖ (የጭነት መኪኖች መነሻ ጣቢያ) ይነሱ እንደነበር፣ ምን ይጭኑ እንደነበር ጠይቂያቸው። በከባድ መኪና በሰዓት 20 ማይል ብቻ ይፈቀድ የነበረበትን ዘመን ካስታወሱ፣ ከ1957 በፊት መሪ ጨብጠዋል ማለት ነው። በዚያ ዓመት ገደቡ 30 ሆኗል። ሲያወሩ በስልክሽ ቅጂያቸው።