ወጣቶቻችን ወደ ጃማይካ ቢሄዱ ገንዘቡ ይባክናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ኪንግስተን፣ ጃማይካ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሊሄዱ ነው። ልጄም አብራ ትሄዳለች። ቀለም ይቀባሉ፣ ሕፃናት ያስተምራሉ ተብሏል። ለትኬት የሚወጣው ገንዘብ እዚያው ቢላክ አይሻልም ወይ? ጊዜውም ፍልሰታ ነው፤ ጾሙስ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅታችን። ስለ ገንዘቡ መጨነቅዎ ተገቢ ነው።

የመቄዶንያና የአካይያ ምእመናን በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ገንዘብ አዋጥተው ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ አሳቡ በሮም አልፎ ወደ እስጳንያ መሄድ ነበር። ሆኖም አስቀድሞ ስጦታውን ለማድረስ ወደ ኢየሩሳሌም ተነሣ (ሮሜ 15፥24-28)። የቆሮንቶስ ምእመናንንም የምታምኑባቸውን ሰዎች ምረጡ፣ ስጦታችሁን እነሱ ያድርሱ ብሏቸዋል (1ኛ ቆሮ 16፥3)። ስለዚህ ሰው በአካል መሄዱ ብክነት አይደለም። ግን ልብ ይበሉ፣ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም።

እኔ የምለው ይህን ነው። የልጁን ትኬት ቤተሰቡ ከኪሱ ይክፈል። አቅም ለሌለው ወጣት ትኬት የሚለመን ከሆነ ለትኬት ነው ተብሎ በግልጽ ይለመን። ለጃማይካ ተብሎ የተሰበሰበው ግን አንድ ሳንቲም ሳይነካ ይድረስ፤ ሂሳቡም ለምእመናን ይነበብ። ሐዋርያው "ማንም እንዳይነቅፈን" ብሎ የተጠነቀቀው በዚሁ መዋጮ ነው (2ኛ ቆሮ 8፥20)።

የቀለሙ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ኪንግስተን ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ቀለም ቀቢ አይጠፋም። ለእሱ ተከፍሎት ልጆቹ ረዳት ቢሆኑት ይሻላል። ለመሆኑ የዚያ ካህናትና ምእመናን ምን ጠየቁ? አስተባባሪዎቹ ይህን ሳይጠይቁ እቅድ ካወጡ፣ እንደገና ይጀምሩ።

ልጅዎ እዚያ የምትቀበለው ነገር ብዙ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1966 ጃማይካን ጎበኙ። በ1970 ደግሞ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባታችን ሄደው ቤተ ክርስቲያኒቱን አቋቋሙ። ከተጠማቂዎቹ ብዙዎቹ ከራስተፈሪያን እምነት የመጡ ነበሩ። በንጉሡ ስም አጥምቁን ያሉም ነበሩ፤ አባታችን ግን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ ነው አሉ። አንዳንዶች ትተው ሄዱ፣ ሌሎች ንጉሡን ማምለክ ትተው ተጠመቁ።

እኛ በአርባና በሰማንያ ቀናችን የተጠመቅን ነን። እነሱ ግን አውቀው፣ ወስነው፣ ከወዳጅ ዘመድ ተለይተው ነው የመጡት። አሜሪካ ተወልዶ "ለምን ኦርቶዶክስ ሆንኩ?" የሚል ወጣት ከእነዚህ አረጋውያን ጋር ቢቀመጥ ከእኔ ስብከት የበለጠ ይማራል። ቋንቋም አያግደውም፤ እዚያ ቅዳሴውም ትምህርቱም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮም ሰዎች "በእናንተና በእኔ እምነት አብረን እንጽናና" ብሎ የጻፈው ይህን ነው (ሮሜ 1፥12)። ስለዚህ ልጆቹ ለማስተማር ሳይቸኩሉ መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ያዳምጡ። ስለ ንጉሡም ከማንም ጋር ክርክር አይግጠሙ።

ጾሙ በጉዞ ምክንያት አይቀርም። ደግሞም ጃማይካ ለጾመኛ አትከብድም። ሩዝና አደንጓሬ በኮኮናት ወተት ይሠራል። ራስተፈሪያኖቹ አይታል የሚሉት ምግብም ሥጋ የለበትም። ካላሉ የሚባለው ጎመን ግን ብዙ ጊዜ ከደረቅ ዓሣ ጋር ስለሚቀርብ ሳይጠይቁ አይብሉ። በፀሐይ ሲሠሩ የሚውሉት እስከ ስንት ሰዓት ይጹሙ የሚለውን የንስሐ አባታቸው ከመነሣታቸው በፊት ይወስኑላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍልሰታ የሚውለው በካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ ነው፤ ወቅቱ ከጁን እስከ ኖቬምበር ይቆያል። በረራ ቢሰረዝ ልጆቹ የት ያድራሉ? ኃላፊነቱን የሚወስደው አዋቂስ ማን ነው? ትኬቱን ከመግዛትዎ በፊት መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።