ስሙን ማንም የማያውቀው ኮሌጅ

ሚሺጋን ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የክርስቲያን ኮሌጅ ባዮሎጂ የምትማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጽፋልኛለች። ሜሪላንድ የሚኖሩት እናቷ፣ «ሰርግ ላይ ስሙን ስጠራው ማንም አያውቀውም፤ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ካልተዛወርሽ ሐኪም አትሆኚም» ይሏታል። የገንዘቡ ነገርና የዝግመተ ለውጥ ትምህርቱም ያስጨንቃታል።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ተናደድኩ፤ በአንቺ ግን አይደለም።

እኔ የተማርኩት እናትሽ የሚመኙልሽ ዓይነት ቦታ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ባዮሎጂ ክፍላችን ወደ 300 ሰው ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቅ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ስገባ «ስምህ ማን ነበር?» አለኝ። አራት መስመር ጻፈልኝ። እሱም ውጤቴን መድገም ነው፤ ውጤቴ እንደሆነ ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ።

አንቺስ ምን ነበር የጻፍሽልኝ? ጄኔቲክስ ላብ ውስጥ 14 ናችሁ። ፒፔት (ጠብታ ፈሳሽ መለኪያዋን) ስትይዢ እጅሽ ተንቀጠቀጠ። መምህርሽ ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ናሙናውን ጄል የሚባለው ለስላሳ ንጣፍ ቀዳዳ ውስጥ እንዴት እንደምትጨምሪ አሳየችሽ። እኚህ ሴትዮ ስላንቺ ጻፉ ቢባሉ የሚሉት አያጡም።

እናትሽን አከብራለሁ። ግን ለሰርግ ወሬ ተብሎ ኮሌጅ አይቀየርም።

የትንሽ ኮሌጅ እውነተኛ ጣጣው የኮርስ ሰሌዳው ነው። የባዮሎጂ መምህራኑ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ከፍ ያሉት ኮርሶች ብዙ ጊዜ በየሁለት ዓመቱ ነው የሚሰጡት። ኢሚዩኖሎጂ (ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል የሚያጠናው ኮርስ) ዘንድሮ ካመለጠሽ ቀጣዩ አራተኛ ዓመትሽ ላይ ነው። ያኔ ከሌላ የግድ ኮርስ ጋር ሰዓቱ ከተጋጨ፣ አለቀ። ባዮኬሚስትሪ ደግሞ ከኤምካት (ከሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው) በፊት ቢያልቅልሽ ይሻላል፤ ፈተናው ላይ በደንብ ይመጣል። ስለዚህ ካታሎጉን ይዘሽ አማካሪሽ ቢሮ ግቢ። የቀሩሽን ሴሚስተሮች አንድ በአንድ፣ የትኛው ኮርስ መቼ እንደሚሰጥ፣ በወረቀት አስጽፊ። «ይሰጣል» የሚል መልስ አትቀበይ። መቼ?

ሁለተኛው ጣጣ የላብራቶሪ መሣሪያ ነው፤ ትልልቆቹ ያላቸው ሁሉ እዚያ የለም። ይህን በበጋው ዕረፍት ትሞዪዋለሽ። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ኮሌጅ ተማሪዎችን ክፍያ እየሰጠ ትልልቅ ላብራቶሪዎች ውስጥ የሚያሠራበት ፕሮግራም አለው። አርኢዩ ይሉታል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ነው የሚገባው፤ አንቺ ደግሞ ግሪን ካርድ አለሽ። ማመልከቻው የሚዘጋው ገና ብርዱ ሳይወጣ ስለሆነ ፋሲካ ላይ ትዝ ቢልሽ ዋጋ የለውም። ሜዳ ላይ መሥራት ካማረሽም፣ እዚያው ሰሜን ሚሺጋን ያለው አው ሳብል ተቋም የክርስቲያን ኮሌጅ ተማሪዎችን በበጋ ጫካና ሐይቅ ላይ ያስተምራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኮሌጁ የሰጠሽ ስኮላርሺፕ ስትዛወሪ አይከተልሽም። ከኪስ የሚወጣውን ከኪስ ከሚወጣው ጋር አወዳድሪ እንጂ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አትዪ።

ዝግመተ ለውጥ? ተማሪው፤ ኤምካት ይጠይቃል። የሰውን ዘረመል ያነበበውን የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስም አማኝ ናቸው።

ሐኪምነቱ ባይሳካስ ብለሻል። በባዮሎጂ ዲግሪሽ ላይ አንድ ዓመት ገደማ የሕክምና ላብራቶሪ ሥልጠና ጨምረሽ የሙያ ፈተናውን ካለፍሽ፣ ሆስፒታል ውስጥ ደህና ሥራ አለ። እኔ ሰው ማማከር ሳልጀምር በፊት 11 ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚሁ ነው። የሌሊት ፈረቃ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ዝምታ። ወደድኩት፤ ስለዚህ ምክሬ ትንሽ ወደዚያ ቢያዘነብል አትፍረጂብኝ። ለእናትሽ ግን ለጊዜው አትንገሪያቸው።

ወረቀቱን ካስጻፍሽ በኋላ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ኢሚዩኖሎጂ የሚሰጠው በሚቀጥለው ሴሚስተር ከሆነ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ሩጪ።