ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ ስትገዛ ትከሻህ የሚችለውን ግዛ

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። አጋዘን ማደን ልትጀምር ነው፤ የራስህ ጠመንጃ ግን የለህም። ጓደኛህ .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃውን አውሶህ ስምንት ጥይት ተኮስክበት፣ ትከሻህ በለዘ። መጀመሪያ ዒላማው መሃል ይገባ የነበረው ጥይት እየቆየ ግራና ቀኝ መበታተን ጀመረ። አሁን የቱን ልግዛ፣ ርግጫውንስ፣ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታኝን፣ እንዴት ልልመደው ትላለህ። አፈሙዙ ላይ ብሬክ፣ ማለትም ርግጫ የሚቀንስ መሣሪያ፣ ባስገጥምስ ብለህም ጠይቀሃል።

ከርግጫው ልጀምር፤ እሱ ሳይገባን ጠመንጃ መምረጥ አንችልም። የበለዘው ትከሻህ ይድናል። እኔን ያሳሰበኝ መበርገግህ ነው። ምላጩን ልትስብ ስትል ሰውነትህ ምቱ እንደሚመጣ አውቆ ይቀድምሃል፤ ዓይንህ ይጨፈናል፣ ትከሻህ ወደ ፊት ይገፋል፣ አፈሙዙ ዝቅ ይላል። ጥይቱ ገና ሳይወጣ ስተሃል ማለት ነው። ይህ ልማድ በአንድ ከሰዓት ይገባል፣ ለመውጣት ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አንድ አዳኝ የጠመንጃዬ ማነጣጠሪያ መነጽር ተበላሽቷል ብሎ ጠመንጃውን ይዞልኝ መጣ። ብሎኖቹን አጠባበቅሁና ራሴ ተኮስኩበት፤ ሦስቱም ጥይት ተጠጋግተው አረፉ። ከዚያ እሱ ፊቱን ወደ ዒላማው አዙሮ እንዲጠብቅ አደረግሁና እኔ እያጎረስኩ ሰጠሁት። አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት፤ የቱ እንደሆነ አያውቅም። ሦስተኛው የልምምዱ ነበር። ምላጩን ሳበ፣ ቀጭ አለ፣ አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ደፋ አለ። ራሱም አየው። ምንም ሳይናገር ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መነጽሩ ምንም አልሆነም ነበር። አንተም ይህን ከጓደኛህ ጋር ሞክረው፤ መድኃኒቱም ምርመራውም እሱ ነው። ደግሞ የልምምዱን ጥይት ከእውነተኛው በቀላሉ እንድትለየው ቀለም ያለውን ግዛ። ያለው ባዶ ይሁን ጥይት፣ አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ መቼም አይዙር።

አሁን ወደ ምርጫው። ጠመንጃ የሚራገጠው እንደ እርሳሱ (ከአፈሙዙ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) ክብደትና ፍጥነት፣ እንደ ባሩዱ መጠንና እንደ ራሱ ክብደት ነው። 3.5 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ ላይ ላስላልህ። ቁጥሮቹ የጥይት ዓይነት ስሞች ናቸው፣ ጁል ደግሞ የምቱ ጉልበት መለኪያ። .243 ዊንቸስተር 12 ጁል አካባቢ ይመታሃል፣ .308 ደግሞ 20 አካባቢ፣ .30-06 በከባድ እርሳስ 28 ገደማ። የጓደኛህ ማግነም ወደ 38 ይጠጋል። እንግዲህ ከ.243 ጋር ስታስተያየው ሦስት እጥፍ ምት ነው ትከሻህ የተቀበለው፤ ያውም ተኩስ ገና ሳትለምድ!

ስለዚህ ለአንተ 6.5 ክሪድሞር ወይም 7ሚሜ-08 ሬሚንግተን የተባለውን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ እመርጥልሃለሁ። የሁለቱም ምት በ.243 እና በ.308 መሃል ነው፤ እስከ 200 ሜትር ድረስ መካከለኛ አጋዘን ለመጣል ከበቂ በላይ ናቸው። .243ም ይበቃል፣ ግን እርሳሱ ቀላል ስለሆነ የምትመታውን ቦታ ትንሽ ብትስት ይቅርታ የለውም፤ ለጀማሪ ትንሽ ሰፋ ያለ ዕድል ብሰጥ ደስ ይለኛል። ከመክፈልህ በፊት የምታድንበት አገር ሕግ ለአጋዘን የሚፈቅደውን ትንሹን ካሊበር (የጥይት መጠን) ጠይቅ።

ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበል፣ ከነመነጽሩ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ የሚሆን ውሰድ። ሻጩ 2.5 ኪሎ የሆነችውን ላባ የመሰለች ያሳይሃል፤ ስትሸከማት ደስ ትላለች፣ ስትተኩስባት ግን ያንኑ ጥይት እንደ ዱላ ታቀምስሃለች።

የሰደፉ ርዝመት ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው፤ እኔ ግን ከካሊበሩ እኩል አየዋለሁ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ክንድህን በክርንህ እጠፍና የሰደፉን ጫፍ እጥፋቱ ላይ አሳርፈው፤ የሌባ ጣትህ የመጀመሪያው አንጓ ምላጩ ላይ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሞብሃል። ረጅም ሰደፍ ከትከሻህ ጉድጓድ ወጥቶ ክንድህ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፤ የበለዘህም እዚያ ከሆነ ምክንያቱን አግኝተሃል። ባለሙያ ያሳጥርልሃል፣ እግረ መንገዱንም ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ያስገጥምልሃል። መነጽሩም ከዓይንህ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ካልራቀ ጠርዙ ቅንድብህን ይሰነጥቀዋል።

ብሬኩ ይሠራል፤ ምቱን በደንብ ይቀንሳል። ግን ጋዙን ወደ ጎን ስለሚረጨው ድምፁ ለአንተም አጠገብህ ላለውም ይብሳል። የጠመንጃ ተኩስ ያለ እሱም 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ ጆሮ ደግሞ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። እኔ ትንሹን ካሊበር ገዝተህ ብሬኩን ብትተወው እመርጣለሁ። ግማሹ ድንጋጤ ከድምፁ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ስትለማመድ ጆሮህ ውስጥ መድፈኛ፣ ከላዩም መሸፈኛ አድርግ። ልዩነቱን ያንኑ ቀን ታየዋለህ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ በልምምድ ጥይት ምላጭ ሳብ። ከቻልክ .22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ተውሰህ በእሱ ብዙ ተኩስ፤ ምቱ ከምንም አይቆጠርም። በትልቁ ግን በአንድ ቀን ከ15 ጥይት አትለፍ፣ ትከሻህ ካመመህ በአምስተኛውም ቢሆን አቁም። ስትተኩስ ሰደፉን ጠበቅ አድርገህ ትከሻህ ውስጥ አስገባው፤ ክፍተት ከተውክ ተንደርድሮ ይመታሃል። ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ መተኮስ ቆሞ ከመተኮስ ይልቅ ያሳምማል፣ ሰውነትህ ከምቱ ጋር ወደ ኋላ መሄድ አይችልምና። መነጽሩን አስተካክለህ ከጨረስክ ቆመህ ወይም ተንበርክከህ ተለማመድ፤ ጫካ ውስጥም ጠረጴዛ አታገኝም።

ማግነሙን ለጓደኛህ መልስለት። ከመመለስህ በፊት ግን ያንን የልምምድ ጥይት ሙከራ በእሱው አድርግና አፈሙዙ ምን እንዳደረገ ጻፍልኝ።