ስለ ሲ ጠይቁኝ፦ «ኮዱ ልክ ነው፣ ግን አይሠራም» ላላችሁ

ዛሬ ማታ ሥራ የለኝም፤ ሲ (C የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ) የጀመራችሁ ያስቸገራችሁን ሁሉ አምጡ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ «አልሠራ አለኝ» ብላችሁ አትተዉት፣ ኮዱንም ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ያለውንም ጻፉ። ጂሲሲ (gcc) የሚባለውን ኮምፓይለር የምትጠቀሙ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የሚያበራውን -ዎል (-Wall) ጨምራችሁ ኮምፓይል አድርጉ። ከምትጠይቁኝ ግማሹን እሱ ቀድሞኝ ይመልሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቁጥሮች ተቀብሎ የሚደምር ፕሮግራም ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ቁጥር አስገብቼ ኢንተር ስነካ «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይሞታል። ከኪቦርድ የሚያነበው ስካንኤፍ ውስጥ ፐርሰንት ዲ (ሙሉ ቁጥር ማለት ነው) ብዬ፣ ከኮማው በኋላ የቫሪያብሉን (ቁጥሩን የሚይዘውን ቦታ) ስም ነው ያስገባሁት።

መልስ፦ ከስሙ በፊት & ጎድሎሃል። ስካንኤፍ የሚፈልገው ቫሪያብሉ የያዘውን ሳይሆን ያለበትን አድራሻ ነው፤ ዕቃ የሚያመጣልህን ሰው ሰፈርህን ነው የምትነግረው እንጂ ቤትህ ውስጥ ምን እንዳለ አይደለም። & ከሌለ ቫሪያብሉ ውስጥ በአጋጣሚ የተገኘው ቁጥር እንደ አድራሻ ይወሰዳል፣ ስካንኤፍም እዚያ ሊጽፍ ይሄዳል። ቦታው የአንተ ስላልሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮግራሙን ገደለው። መሞቱ ደግ ነው፤ ክፉው በዝምታ ሌላ ቫሪያብል ላይ ሲጽፍ ነው። ስም ወደ ቻር አሬይ (የፊደል ቦታዎች ተርታ) ስታነብ ግን & አትጨምር፣ የአሬዩ ስም ብቻውን የመጀመሪያው አባል አድራሻ ሆኖ ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜ ካስገባሁ በኋላ ጾታ በአንድ ፊደል እንዲጠይቅ አድርጌ ነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጠብቀኝ ያልፈዋል!

መልስ፦ አላለፈውም እህቴ፣ መልስ አግኝቶ ነው። ዕድሜውን ጽፈሽ ኢንተር ስትነኪ ቁጥሩ ተወሰደ፣ ኢንተሩ ግን ወረፋ ላይ ቀረ። ፐርሰንት ሲ (አንድ ፊደል አንብብ) ለሚለው ኢንተርም እንደማንኛውም ፊደል ነው፤ ተራው ሲደርስ እሱን አነሳ። ከፐርሰንቱ በፊት፣ ጥቅሱ ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ ተይ፤ ያን ጊዜ የተረፈውን ኢንተርና ስፔስ ዘሎ እውነተኛውን ፊደል ይጠብቃል። የተረፈውን ለማጽዳት ኤፍፍላሽ አድርጊ የሚልሽ ይኖራል፤ የሲ ስታንዳርድ ግን ለገቢ ዥረት ኤፍፍላሽ ምን እንደሚያደርግ አልወሰነም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ ስቀይር ሁሌ 0 ነው።

መልስ፦ 5/9 ብለህ ጀምረሃል አይደል? ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ሲ ክፍልፋዩን ይጥለዋል፣ 0 ይቀራል። 5.0/9 በል።

ጥያቄ፦ የስልክ ቁጥር በኢንት (በሙሉ ቁጥር ዓይነት) ልይዝ በ09 ጀምሬ ብጽፍ ኮምፓይለሩ ስለ ኦክታል ይነዘንዘኛል። ኦክታል የሚል ቃል እንኳ ኮዴ ውስጥ የለም።

መልስ፦ ይህችን እወዳታለሁ፤ የእኛ አገር ስልክ ይዞ ሲ የጀመረ ሁሉ ይወድቅባታል። ሲ ውስጥ በ0 የሚጀምር ሙሉ ቁጥር በስምንት ቤት (ኦክታል የሚሉት ይህ ነው) እንደተጻፈ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ 010 ማለት 8 ነው። በስምንት ቤት ደግሞ ከ7 የሚበልጥ አሃዝ ስለሌለ 9ን ሲያይ እምቢ አለ። ከተጠቃሚው በፐርሰንት ዲ ብታነበው ኤረሩ ይጠፋል፣ ግን የፊቱ 0 አብሮ ይጠፋል። ስልክ አይደመር፣ አይባዛ፤ ጽሑፍ ነው። 11 ቦታ ያለው ቻር አሬይ ውሰድ፦ 10 ለአሃዞቹ፣ 1 የጽሑፉን ማብቂያ ለሚያሳየው መዝጊያ ባዶ ባይት።

ጥያቄ፦ «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው። የጽሑፍ ርዝመት የሚለካው ስትርሌን ግን 9 ይለኛል። ቃሉን ገልብጬ ሳትመው ደግሞ ቆሻሻ ነው የሚወጣው።

መልስ፦ ስትርሌን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። እንግሊዝኛው አንዱ ፊደል በአንድ ባይት ስለሚያልቅ ልዩነቱ አይታይም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን በዩቲኤፍ 8 (ያን ቁጥር በባይት የመጻፊያ ዘዴ) ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 3 በ3፣ 9። ለማስቀመጥ መዝጊያውን ጨምሮ 10 ቦታ ያስፈልግሻል። ባይት በባይት ስትገለብጪ የ«ሰ»ን ሦስት ቁራጮች ከኋላ ወደፊት ደረደርሻቸው፣ ፊደልነቱ ቀረ።

ፊደል ለመቁጠር ግን ቀላል ዘዴ አለ። በዩቲኤፍ 8 የፊደል መጀመሪያ ያልሆኑ ባይቶች ሁሉ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ (ባይት & 192) != 128 የሆኑትን ብቻ ቁጠሪ (ምልክቱ እዚህ አድራሻ ሳይሆን ሁለቱን ቁጥሮች ቢት በቢት «እና» ማድረግ ነው)፣ 3 ይመጣልሻል። ለመገልበጥም በዚሁ እያንዳንዱ ፊደል የት እንደሚጀምር ፈልገሽ ሦስቱን ባይት እንዳሉ አንቀሳቅሻቸው።

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር አብሬ እየተማርኩ ነው። ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉትን ማባዛት) እስከ 12 ልክ ነው፣ የ13 ግን 1932053504 ይላል። በካልኩሌተር 6227020800 ነው።

መልስ፦ ካልኩሌተርዎ ልክ ነው ጋሼ። ዛሬ በምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ኢንት የሚይዘው እስከ 2147483647 ነው፣ ትርፉ ፈሰሰ። ሎንግ ሎንግ (ሰፋ ያለ የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ያድርጉት፣ በሚያትመው ፕሪንትኤፍ ውስጥም ፐርሰንት ኤልኤልዲ ይበሉ፤ እስከ 20 ያደርስዎታል። ሎንግ አንዱን ብቻ አይጠቀሙ፣ ዊንዶውስ ላይ ከኢንት አይበልጥም። ልጅዎ 21ን ከሞከረ እንደገና ይፈሳል።

ጥያቄ፦ የክፍል ማስታወሻችን ቮይድ ሜይን፣ ክሊርስክሪን፣ ጌትስ ይላል። አዲሱ ኮምፓይለር አንዱንም አይቀበልም።

መልስ፦ ማስታወሻው ለድሮው ኮምፓይለር ለቱርቦ ሲ የተጻፈ ነው፣ የዶስ ዘመን ዕቃ። ኢንት ሜይን አድርገው። ስክሪን የሚያጸዳውን ክሊርስክሪንን ሰርዘው፣ የሲ አካል ሆኖ አያውቅም። መስመር የሚያነበው ጌትስ የአሬዩን ስፋት ሳያውቅ የመጣውን ሁሉ ስለሚያፈስ በ2011 ከስታንዳርዱ ወጥቷል። በምትኩ ኤፍጌትስ አለ፤ መጨረሻ ላይ ኢንተሩንም አብሮ እንደሚያስቀምጥ አትርሳ። አለበለዚያ የይለፍ ቃል በስትርኮምፕ (ሁለት ጽሑፍ በሚያነጻጽረው) ስታነጻጽር ለምን እንደማይገጥም ስትፈልግ ታመሻለህ።

ጥያቄ፦ አምስት ቦታ ያለው አሬይ ላይ ሉፑ እስከ <= 5 ይሄዳል። ስድስተኛ ላይ የማላውቀው ቁጥር ይመጣል። የጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ግን ይሠራል።

መልስ፦ እዚያም አልሠራም፤ አልተያዘም እንጂ። ቦታዎቹ ከ0 እስከ 4 ናቸው፣ < 5 በል። ሲ ድንበር አይጠብቅልህም። አድሬስ ሳኒታይዘርን (ከድንበር ውጪ መንካትን የሚይዘውን የኮምፓይለር መሣሪያ) ከ-ጂ (-g) ጋር አብርተህ ኮምፓይል ብታደርገው የጓደኛህም ላፕቶፕ የተሻገርክበትን መስመር ቁጥሩን ጠርቶ ያሳጣሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። & ጨመርኩ፣ አሁን አይሞትም። ግን 2 እና 3 ስደምር 32769 አለኝ።

መልስ፦ ከውጤቱ 5 ቀንስ፤ 32764 ድምሩ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ ቆሻሻ ነው። ፈንክሽን ውስጥ ያወጅከውን ቫሪያብል ሲ ባዶ አያደርግልህም። ከሉፑ በፊት ድምር = 0 በል።