ሃያ ፎቶ ከማሳየት አንዱን መመርመር፦ ታሪክን በኢንተርኔት ስለማስተማር የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል የታሪክ መምህር ነኝ። ከኢንተርኔት ፎቶና ቪዲዮ እያወረድኩ በፕሮጀክተር አሳያለሁ። ተማሪዎቹ ደስ ብሏቸው ያያሉ፤ በሳምንቱ ስጠይቃቸው ግን የሚያስታውስ የለም። ምን ጎደለ?

መልስ፦ የጎደለው የተማሪዎቹ ሥራ ነው። ፎቶውን አዩት እንጂ አልመረመሩትም። ሃያ ፎቶ በተከታታይ ከማሳየት አንዱን ይዞ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ መቆየት እጅግ ይሻላል። ለመነሻ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ እነሆ። እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ሮጀር ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1855 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ በሸለቆ ውስጥ የሚያልፍ አንድ መንገድ ከአንድ ቦታ ሆኖ ደጋግሞ አንሥቷል። በአንደኛው ፎቶ የመድፍ አረሮቹ መንገዱ ላይ ተበትነዋል። በሌላው መንገዱ ባዶ ነው፤ አረሮቹ ያሉት ዳር ዳሩን ነው።

ሁለቱን ፎቶዎች ያለ ርዕስና ያለ ማብራሪያ ጎን ለጎን አትመው ለሁለት ለሁለት ተማሪ ይስጡ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሚያዩትን ብቻ ይጻፉ። «ጦርነት» ወይም «አደጋ» ብሎ የጻፈ ካለ ይሰርዘው፤ ያ ግምት ነው እንጂ በዓይን የታየ ነገር አይደለም። ከዚያ ጥያቄውን ያምጡ፦ ቀድሞ የተነሣው የትኛው ነው? ማስረጃችሁስ ምንድን ነው?

ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ፎቶ አንሺው ሥዕሉ እንዲያስፈራ አረሮቹን መንገድ ላይ አስቀመጣቸው፤ ስለዚህ ባዶው ይቀድማል» ይላል። ሌላው «ወታደሮች መንገዱን ለመጥረግ አነሷቸው፤ ስለዚህ ባዶው የኋላ ነው» ይላል። ሁለቱም የሰውን ሐሳብ ገምተው ነው የሚከራከሩት። ክርክሩ ሲሞቅ ከመንገዱ አጠገብ ያለውን ተዳፋት አጉልተው ያሳዩአቸው። አንዳንዶቹ ትንንሽ ድንጋዮች በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ቦታቸው አንድ አይደለም፤ አረሮቹ መንገዱ ላይ ባሉበት ፎቶ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። በእግር የተነካ ድንጋይ ደግሞ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይንከባለልም። ስለዚህ ባዶው መንገድ ይቀድማል። አረሮቹን መንገዱ ላይ ያደረጋቸው ማን እንደሆነና ለምን እንዳደረገው ግን ድንጋዮቹ አይናገሩም። የተረጋገጠውንና ያልተረጋገጠውን በሁለት ዓምድ ለይተው ያጻፏቸው፤ የትምህርቱ ፍሬ ይኸው ነው።

ይህ ትምህርት በአብዛኛው የሚበላሸው በፎቶው ጥራት ነው። ከፍለጋ ውጤት ላይ በቀጥታ የሚወርደው ትንሿ ምስል ናት፤ ስትጎላ ድንጋዮቹ ይደበዝዛሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የፌንተንን የክራይሚያ ስብስብ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ከማውረጃ ምርጫዎቹ ትልቁን ይምረጡ፤ ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ቀድመው ያውርዱት። ባዶውን መንገድ ከሌላ ስብስብ ካገኙት ሁለቱን በመጠን ያስተካክሉ፤ አለዚያ ተማሪው የድንጋዩን ሳይሆን የሥዕሉን መጠን ልዩነት ይቆጥራል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ስሰጣቸው መጀመሪያ ያገኙትን ገጽ ገልብጠው ይመጣሉ። አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን ጠይቀው የሚመጡ በዝተዋል። ልከልክል?

መልስ፦ መከልከሉ አያዛልቅም፤ ማጣራትን ማስተማር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችን አነጻጽሮ ነበር። የበለጡት አጣሪዎቹ ናቸው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ እዚያው ገጽ ላይ ቆይተው ሲያነቡ፣ ባማረ አርማና በድረ ገጹ አድራሻ ብዙ ጊዜ ተታለዋል። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ብዙም ሳያነቡ አዲስ ታብ ከፍተው «ይህን ገጽ የሚያዘጋጀው ማን ነው? ሌሎች ስለ እሱ ምን ይላሉ?» ብለው ፈለጉ።

ስለዚህ በቤት ሥራው ላይ ሦስት መስመር ይጨምሩ፦ ገጹን ያዘጋጀው ማን ነው፤ ይህን ከየትኛው ሌላ ገጽ አረጋገጥክ፤ ሁለቱ የማይስማሙበት ነጥብ ምንድን ነው። ሦስተኛው መስመር ባዶ ሆኖ ከመጣ ተማሪው ሁለተኛውን ገጽ አላነበበው ይሆናል፤ አንዱ ከሌላው ቀድቶም ሊሆን ይችላል።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን በተመለከተ ትልቁ ችግር፣ የሌለ መጽሐፍና የሌለ ጥቅስ እውነት አስመስሎ መስጠቱ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ይመድቡ። አስተምረው በጨረሱት ርዕስ ላይ የተዘጋጀ መልስ አትመው ያድሉ፤ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ስም፣ ዓመትና ምንጭ ከመማሪያ መጽሐፉና ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ጋር እያመሳከሩ ምልክት ያድርጉበት። በማያውቁት ርዕስ ላይ አያስጀምሯቸው፤ ስሕተቱን የሚለዩበት መነሻ አይኖራቸውም።

ጥያቄ፦ ታይምላይን ጄኤስ በሚባለው መሣሪያ የጊዜ መስመር ልናዘጋጅ ሞክረን አልከፈት አለን። የከፈትነው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተዛባ።

መልስ፦ መሣሪያው መረጃውን የሚያነበው ከጉግል ሺትስ ሠንጠረዥ ነው። የማይከፈተው ብዙ ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው፦ የዓምዶቹ ርዕስ ተቀይሯል፣ መካከል ላይ ባዶ ረድፍ ቀርቷል፣ ወይም ሠንጠረዡ ለሰው ተጋርቷል እንጂ በፋይል (File) ዝርዝሩ ውስጥ ባለው «Publish to web» በሚለው ትእዛዝ ለድር አልታተመም። የዓምዶቹን ርዕስ በእንግሊዝኛ እንደመጣ ይተዉት፤ አማርኛው ከሥሩ ባሉት ረድፎች ይገባል።

ቅደም ተከተሉ የሚዛባው የዘመን አቆጣጠሮቹ ሲደባለቁ ነው። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። አንዱ ተማሪ 1888፣ ሌላው ስለ ሌላ አገር ሲጽፍ 1896 ካስገባ፣ በአንድ ወቅት የሆኑ ነገሮች ስምንት ዓመት ይራራቃሉ። ሁሉንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይረው ያስገቡ፤ የኢትዮጵያውን ቀን በጽሑፉ ዓምድ ያስቀምጡ። የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ (እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ) ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን አይርሱ። የሩሲያው የጥቅምት አብዮትም እንዲሁ ያሳስታል፤ በአሮጌው አቆጣጠር ኦክቶበር 25፣ በአዲሱ ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ላለ ዓመት ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ይደረጋል።

ክስተቶቹን ከሃያ አያሳልፉ። እያንዳንዱ ቡድን ለምን አንዱን አስገብቶ ሌላውን እንደተወ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ያለዚያ ሥራው ቀን መገልበጥ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዓምና የሰጠኋቸው ሊንኮች ዘንድሮ አይሠሩም። በክፍል ውስጥም ኔትወርክ ይቋረጣል።

መልስ፦ ሊንኩን ሲያገኙ ያኔውኑ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው በዌይባክ ማሽን ያስቀምጡትና ለተማሪዎቹ የተቀመጠውን ቅጂ አድራሻ ይስጡ። የሞተውንም ሊንክ እዚያው አስገብተው የቀድሞ ቅጂ ካለ ይፈልጉ፤ ቪዲዮ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አይቀመጥም። ለክፍል የሚሆነውን ገጽ በፒዲኤፍ፣ ፎቶውን በሙሉ መጠኑ አውርደው በፍላሽ ይያዙ። የፋይሉ ስም ላይ የተነሣበትን ዓመትና የያዘውን ተቋም ይጻፉ፤ «ምስል 3» ተብሎ የተቀመጠ ፎቶ በዓመቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።