የቻርፒ ፈተና የተጠየቀው ለኤሌክትሮዱ ነው ወይስ ለፕሮሲጀሩ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ለሌሎቻችሁ ነገሩ ይሄ ነው፦ የጠያቂው ድርጅት በአሜሪካው ዲ1.1 የብረት ግንባታ ብየዳ ኮድ ያለ ሙከራ የሚፈቀድ፣ ፕሪኳሊፋይድ የምንለው የብየዳ ፕሮሲጀር (አበያየዱን የሚወስን ሰነድ) አለው። አማካሪው መሐንዲስ ደግሞ «ብየዳው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ 27 ጁል ማምጣት አለበት» አለ። ይህ የቻርፒ ወይም የምት ፈተና የሚባለው ነው፤ የቀዘቀዘ ናሙና በመዶሻ ተመትቶ ሲሰበር የወሰደው ጉልበት ይለካል። ብረቱም ኤሌክትሮዱም ሰርተፊኬት አላቸው። እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ብርድ የለም፤ ታዲያ ለምን እንፈተናለን ነው ጥያቄው።

ከሁሉም በፊት ስፔሲፊኬሽኑን አውጥተህ አንድ ነገር ለይ። የተጠየቀው ኤሌክትሮዱ ነው ወይስ ፕሮሲጀሩ? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ኤሌክትሮዱ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ በምድቡ ከዜሮ በታች በ29 ዲግሪ 27 ጁል ይጠየቅበታል። ስለዚህ የአምራቹን ሰርተፊኬት አያይዘህ ትሰጣለህ፣ ፕሮሲጀርህም እንዳለ ይቀጥላል። 6013 ከሆነ ግን ምድቡ የምት ፈተና ጭራሽ አይጠይቅም፤ እሱን ይዘህ አትከራከር።

«ፕሮሲጀሩ ሲጸድቅ የቻርፒ ፈተና ይካተት» ከተባለ ደግሞ የፕሪኳሊፋይድ መንገድ ተዘግቷል። የሙከራ ሳህን በይዶ መፈተን የግድ ነው። የብረቱ ሰርተፊኬት እዚህ አያድንህም። ፋብሪካው የፈተነው የብየዳ እሳት ሳይነካው ነው። ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ ያለው ብረት በሙቀቱ ባህሪው ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀውም እዚያ ነው። ይህን ቀጠና የትኛውም ሰርተፊኬት አይሸፍነውም።

እኔ ግን ቁጥሩ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል ባይ ነኝ። 27 ጁል ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ፣ ዲ1.8 የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ማሟያ ኮድ ለኤሌክትሮድና ለብየዳ ሽቦ የሚጠይቀው ቁጥር ነው። መነሻው በ1994 ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሰው የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ ነው። ያኔ የብዙ ብረት ሕንፃዎች የወራጅና የአምድ መገጣጠሚያ ሳይለጠጥ ስንጥቅ ብሎ ተገኘ። ከምክንያቶቹ አንዱ የምት ፈተና የማይጠየቅበት ሽቦ መጠቀማቸው ነበር። ስለዚህ አማካሪህ ኤሌክትሮዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ጠይቀው። የአገራችንን ብርድ ግን መከራከሪያ አታድርገው፤ የፈተናው ሙቀት የከተማዋ ሙቀት መሆን የለበትም፣ ቁሱን መለያ ወንፊት ነው። ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ሆነን፣ በ2025 መጀመሪያ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶን፣ ጥያቄውን ቅንጦት ልንለው አንችልም።

መፈተን ግድ ከሆነ ደግሞ ዋናው ነገር ሂት ኢንፑት፣ ማለትም በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ብየዳ የሚገባው ሙቀት ነው። ቮልት በአምፒር በ60 አባዝተህ፣ በደቂቃ ለተጓዘው ሚሊሜትር ታካፍላለህ፤ መልሱ በጁል ነው፣ ለ1000 ስታካፍለው ኪሎ ጁል ይሆናል። አንድ ፕሮጀክት ላይ ያየሁትን ልንገርህ። ኮንትራክተሩ ጎበዙን በያጅ መርጦ ሳህኑን አስተኝቶ አስበየደ። 24 ቮልት፣ 125 አምፒር፣ በደቂቃ 150 ሚሊሜትር፤ ይህ በሚሊሜትር 1.2 ኪሎ ጁል ነው። ውጤቱ ግሩም ሆነ፣ ሁሉም ደስ አለው። ሳይት ላይ ሥራው ቋሚ ነበር። በያጆቹ ከታች ወደ ላይ፣ እጃቸውን ግራ ቀኝ እያወዛወዙ በደቂቃ 60 ሚሊሜትር ብቻ ይሄዱ ነበር። አምፒሩ ወደ 110 ቢወርድም ሂሳቡ 2.6 ኪሎ ጁል አለፈ። ኢንስፔክተሩ ሰዓት ይዞ ቆመና ለካ፣ ሥራውን አስቆመ። ትክክል ነበር። ቻርፒ ሲጠየቅ ከተፈተነው በላይ ሂት ኢንፑት አይፈቀድም፤ ወደ ቋሚ መቀየርም ድጋሚ ፈተና ያስፈልገዋል። በፓሶች (በተደራራቢ የብየዳ መስመሮች) መካከል ያለው ሙቀትም ከተፈተነው ከ56 ዲግሪ በላይ ከጨመረ እንዲሁ።

ስለዚህ ሳህኑን ከታች ወደ ላይ በቋሚ አስበይድ፣ ሳይት ላይ በሚደርሰው ከፍተኛ ሂት ኢንፑት። ቋሚውን ካለፍክ ሌሎቹ ፖዚሽኖች ይከተላሉ። እያንዳንዱን ፓስ በሰዓትና በክላምፕ ሜትር መዝግብ።

ላቦራቶሪው ጋ ደግሞ እስኪጨርሱ አብረህ ሁን። ናሙናው 10 በ10 በ55 ሚሊሜትር ነው፣ ኖቹ (መሃሉ ላይ የሚቆረጠው ጎድጓዳ) 2 ሚሊሜትር ጥልቀት። አንዱ ስብስብ ከብየዳው መሃል ይወጣል፣ ሌሎቹ ብየዳውና ብረቱ ከሚዋሃዱበት መስመር 1 እና 5 ሚሊሜትር ርቀው። መስመሩ በዓይን አይታይም። ናሙናው ተወልውሎ በናይታል አሲድ ከተነካ በኋላ ብቻ ነው ጠቆር ብሎ የሚወጣው። ኖቹ ከዚያ በፊት ከተቆረጠ የለካኸው የትኛውን ቀጠና እንደሆነ አታውቅም። ናሙናው ከማቀዝቀዣው ከወጣ በኋላም በ5 ሴኮንድ ውስጥ መመታት አለበት፤ መቆንጠጫውም አብሮ ይቀዝቅዝ።

የስፔሲፊኬሽኑን አንቀጽ ቃል በቃል እዚህ ለጥፈው። የብረቱን ውፍረትና ግሬድም ጨምርበት፣ የትኛው ጎራ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።